ዱላው እንዳይቀዘቅዝ፦ የ4 በ100 እና የ4 በ400 ርክክብ በጎጃም ሜዳዎች

ጎጃም ውስጥ ሩጫ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር፣ ወደ አገር አቋራጭ ይሄዳል። ዱላ ቅብብል፣ ማለትም አራት ልጆች በየተራ 100 (4 በ100) ወይም 400 ሜትር (4 በ400) ያህል እየሮጡ አንድ ዱላ የሚቀባበሉበት፣ የሚታወሰው ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከየክፍሉ አራት ፈጣን ልጆች ይሰበሰቡና አንድ ዱላ ተሰጥቷቸው «ተለማመዱ» ይባላሉ። ይህ አካሄድ በጣም ያሳዝነኛል፤ በአጭር ጊዜ ሥራ ይህን ያህል ሰዓት የሚያሻሽል ሌላ የመም (የመሮጫ ትራክ) ውድድር የለምና። እዚህ የምጽፈው ለስፖርት መምህራን፣ ለክለብ ታዳጊ አሰልጣኞችና በተለይ ዱላ ተቀብለው ለሚሮጡት ልጆች ነው።

መጀመሪያ አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። የአራቱን ልጆች የ100 ሜትር ሰዓት ደምሩ፤ ከዚያ ላይ የቡድኑን የ4 በ100 ሰዓት ቀንሱ። ከመጀመሪያው ሯጭ በቀር ሦስቱ ዱላውን የሚቀበሉት ተንደርድረው ስለሆነ ከቆሙበት ለመነሳት የሚፈጀው ጊዜ ይቀርላቸዋል። ስለዚህ የቡድኑ ሰዓት ከድምሩ በደንብ ማነስ አለበት። በሪዮ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 2016) የጃፓን ወንዶች በ37.60 ብር ሲወስዱ ከአራቱ አንዱም 100 ሜትርን ከ10 ሴኮንድ በታች ገብቶ አያውቅም ነበር። ድምራቸው ከ40 ሴኮንድ በላይ፣ ዱላው ግን ከ2.4 ሴኮንድ በላይ ቀድሞ ገባ። በቤይጂንግ 2008 ደግሞ የአሜሪካ ወንዶችም ሴቶችም ከማጣሪያው ሳያልፉ ቀሩ፤ ሁለቱም ዱላ የጣሉት በሦስተኛው ርክክብ ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ ልዩነቱ 2 ሴኮንድ ከደረሰ ቡድኑ በደንብ ሠርቷል እላለሁ። 1 ሴኮንድ እንኳ ካልሞላ ልጅ መቀያየር አያስፈልግም፤ መታከም ያለበት ርክክቡ ነው።

በ4 በ100 የመቀባበያው ክልል 30 ሜትር ነው። ድሮ 20 ሜትር ሆኖ ከበስተኋላው 10 ሜትር መንደርደሪያ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ክልል ሆነዋል። በ400 ሜትር መም ላይ ክልሎቹ የሚያርፉት ከ80 እስከ 110፣ ከ180 እስከ 210፣ ከ280 እስከ 310 ሜትር ነው። ተቀባዩ ከክልሉ ውስጥ መነሳት አለበት፤ ዱላውም ከክልሉ ሳይወጣ በተቀባዩ እጅ ብቻ መሆን አለበት። ዳኛው የሚያየው ዱላውን ነው። የሯጩ እግር መስመሩን አልፎ ዱላው ገና ከውስጥ ከሆነ ርክክቡ ትክክል ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አራቱ ልጆች እኩል አይሮጡም። ዱላው ክልሉ ከጀመረ 24 ሜትር ገደማ ላይ እጅ ይለውጣል ብንል፣ የመጀመሪያው ሯጭ 104 ሜትር፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 124 ሜትር፣ አራተኛው 120 ሜትር ይሮጣሉ። ስለዚህ በ60 ሜትር የሚያስደንቅ፣ 90 ላይ ግን የሚሞት ልጅ ካላችሁ ቦታው አንደኛ ነው፤ እሱም ከብሎክ (እግር ከሚደገፍበት የመነሻ መርገጫ) መነሳት የሚችልና ኩርባ የማይከብደው ከሆነ። ሁለተኛው በቀጥታው ላይ ረጅም ፍጥነት የሚይዝ ይሁን፤ 200 ሜትር የሚሮጥ ልጅ ይስማማዋል። ሦስተኛው ኩርባ ሯጭ ነው፤ ይቀበላልም ያቀብላልም፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ከባዱ ሥራ የእሱ ነው። አራተኛው መቀበል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። «ፈጣኑ መጨረሻ ይሁን» የሚለው ልማድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ ልጅ በእርጋታ መቀበልም ማቀበልም ከቻለ ሁለተኛ ላይ ዱላውን ይዞ ረጅም ይሄዳል።

እጅን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው። አንደኛው በቀኝ፣ ሁለተኛው በግራ፣ ሦስተኛው በቀኝ፣ አራተኛው በግራ ይይዛል፤ በመሃል እጅ መቀየር የለም። አንደኛውና ሦስተኛው ኩርባ ስለሚሮጡ ዱላውን በቀኝ ይዘው የመስመራቸውን ውስጠኛ ጠርዝ ይከተላሉ። ሁለተኛውና አራተኛው ሲጠብቁ ወደ መስመሩ ውጭኛ ጠርዝ ይቆማሉ፤ ሦስተኛው ወደ ውስጠኛው። እንዲህ ሲሆን አቀባዩ ከተቀባዩ ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ ይመጣል፤ ተረከዝ መርገጥም ይቀራል።

ዱላው ራሱ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የውጭ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከ50 ግራም የማያንስ፣ ለስላሳና ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው። ብዙ ቦታ ልጆች የሚለማመዱት በባሕር ዛፍ ቁራጭ ነው። ባሕር ዛፉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ቀጭን ከሆነ እጅ በጠባቡ መጨበጥ ይለምድና በውድድር ቀን ወፍራሙ ዱላ ሲመጣ ጣቶቹ በጊዜ አይከፈቱም። የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በ30 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ከዋናው ጋር የሚመሳሰል ዱላ ይወጣችኋል። ከአንድ ቧንቧ ብዙ ዱላ ይቆረጣል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ስጡ።

አቀባበሉ በሦስት ዓይነት ይሠራል። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እና ወደ ፊት መግፋት። በሁለቱ የኋለኞቹ ተቀባዩ ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ ከፍ ያደርጋል፤ በሁለቱ ሯጮች መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ግን የተዘረጋ እጅ ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዝ መዳፍ ላይ ዱላ ማሳረፍ ልምድ ይጠይቃል። ከታች ወደ ላይ ሲሆን ተቀባዩ እጁን ዳሌው አጠገብ አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ቅስት ይከፍታል፤ ሩጫው አይበላሽም፤ እጁም ብዙ አይንቀሳቀስም። የጃፓን ቡድን በሪዮ የተጠቀመው ይህንን ነው። ጥቂት ሳምንት ብቻ አብሮ ለሚሠራ የትምህርት ቤት ቡድን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። አንድ ጉድለት አለበት፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ከቀዳሚው እጅ በላይ ስለሚይዝ ከዱላው ላይ የሚቀረው ጫፍ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አንደኛው ዱላውን ከታችኛው ጫፉ ይያዝ፤ ተቀባዮቹም ጣታቸው የአቀባዩን ጣት እስኪነካ ድረስ ጠልቀው ይያዙ። ይህ ካልተሠራ አራተኛው የሚቀበለው የእጁን መዳፍ እንኳ የማይሞላ ጫፍ ነው፤ ዱላ ከእጅ የሚያመልጠውም ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምልክቱ። ተቀባዩ መቼ እንደሚነሳ የሚነግረው መሬት ላይ ያለ አንድ ምልክት ነው። ሰው ሠራሽ መም ላይ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፕላስተር በራሱ መስመር ውስጥ ይለጥፋል፤ አፈር ወይም ሣር ላይ መሬቱን መጫር ይፈቀዳል። ከአንድ በላይ ምልክት አይፈቀድም። ብዙ ቡድን ይህን ርቀት በዓይን ይገምታል። በሰዓት ብትለኩት ግን ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ተቀባዩ ከቆመበት ተነስቶ 24 ሜትር ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ያዙ፤ ሰዓቱ የሚጀምረው ሰውነቱ ሲንቀሳቀስ ነው። 3.6 ሴኮንድ ወጣ እንበል። አቀባዩ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ የመጨረሻዋን 20 ሜትር በስንት እንደሚጨርሳት ያዙ፤ 2.35 ከሆነ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8.5 ሜትር ነው። በ3.6 ሴኮንድ አቀባዩ 30.6 ሜትር ይሄዳል። ተቀባዩ በዚያው ጊዜ 24 ሜትር ይሄዳል፤ የሁለቱ ክንድ አንድ ሜትር ስለሚሸፍን አቀባዩ መድረስ ያለበት 23 ሜትር ድረስ ነው። 30.6 ሲቀነስ 23፣ 7.6 ሜትር። ምልክቱ ክልሉ ከሚጀምርበት መስመር በ7.6 ሜትር ወደ ኋላ ይሆናል። ተቀባዩ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በራሱ ጫማ ይለካው፤ ጫማው 28 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 27 ጫማ ነው። ይህን ቁጥር በቃሉ ይያዝ፤ በውድድር ቀን ሜትር የሚዘረጋ የለም። ዓይን አይቶ እግር እስኪነሳ ጥቂት ጊዜ ስለሚባክን ከዚህ ቁጥር መጀመር አያሰጋም፤ አቀባዩ ትንሽ ቀድሞ ይደርሳል እንጂ አያመልጠውም። ከዚያ በልምምድ በ1 እና በ2 ጫማ ታስተካክሉታላችሁ። አቀባዩ በጣም ቀድሞ እየደረሰ ከተጠጋጋችሁ ምልክቱን አርቁ፤ አልደርስ ካለ አቅርቡ።

ልምምዱ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት አቀባዩን ከ30 ወይም ከ40 ሜትር ማስነሳት ነው። ያ ልጅ ትኩስ ነው፤ ምልክቱም በትኩስ እግር ይለካል። በውድድሩ ግን 100 ሜትር ሮጦ፣ ፍጥነቱ ወርዶ ነው የሚደርሰው። ተቀባዩ በትክክል ይነሳል፤ አቀባዩ ግን አይደርስበትም፤ ክልሉ ያልቃል። ከዚያ «ቀድመህ ሄድክብኝ»፣ «አንተ ነህ የዘገየኸው» ይመጣል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የአለካኩ ነው። ቢያንስ ከ80 ሜትር አስሩጡት። በሙሉ ፍጥነት የሚደረግ ርክክብም በአንድ ልምምድ ከ3 ወይም ከ4 አይብለጥ፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ስለሚደክም የምታስተካክሉት ምልክት ውሸት ይሆናል። በሌሎቹ ቀናት ቆመው፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ አራቱም ተሰልፈው እጅ ማለማመድ ይችላሉ።

ርክክቡን ከተቀባዩ ወገን ሆነን እንየው። የኋላ እግሩ ክልሉ የሚጀምርበትን መስመር ሳይነካ ቆሟል፤ ጉልበቱ ታጥፏል፤ ክብደቱ የፊት እግሩ ላይ ነው፤ አንገቱ ብቻ ዞሯል። የሚያየው የአቀባዩን ፊት አይደለም። አቀባዩን አይቶ የሚነሳ ልጅ በጩኸቱ ይደነግጥና ቀድሞ ይነሳል። የሚያየው ያችን የተጫረች መስመር ነው። የአቀባዩ እግር ስትረግጣት በሙሉ ኃይሉ ይወጣል፤ «እስኪደርስ ቀስ ልበል» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አይዞርም። ክንዶቹ እንደ ማንኛውም 100 ሜትር ሯጭ ይወናጨፋሉ። አቀባዩ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው ይጣራል፤ ተቀባዩ እጁን ይልካል፤ እጁ ይቆማል፤ አቀባዩ የቆመውን እጅ አይቶ ዱላውን ያስገባል። መጣራቱና መስጠቱ መካከል አንድ የክንድ ምት አለ። ይህችን ምት ሳይጠብቅ የሚሰጥ ዱላውን ባዶ አየር ላይ ይሰጣል። አቀባዩም ክንዱን ቀድሞ ዘርግቶ መሮጥ የለበትም፤ ክንድ ሲዘረጋ እርምጃ ያጥራል፣ ፍጥነትም ይወርዳል። ዱላውን ከሰጠ በኋላ እንኳ ጥቂት እርምጃ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ እንዲህ ብለው የሚያስቡ ልጆች ርክክቡ ላይ አይቀዘቅዙም።

ጥሪውን አስቡበት። ስድስት ቡድን ባንድ ጊዜ «እንካ!» ሲል የጎረቤት መስመር ተቀባይ እጁን ይልካል፤ «እንኪ!»ም እንዲሁ ነው። የተቀባዩን ስም አሳጥሮ መጥራት ይሻላል፤ በልምምድም በዚያው ድምፅ ብቻ።

ርክክቡ መሻሻሉን ለማወቅ ዱላው ወደ ክልሉ ከገባበት እስከ ወጣበት ያለውን ጊዜ በስልክ ቪዲዮ ያዙ። በላይኛው ምሳሌ ያሉት ልጆች ዱላውን 30 ሜትሩን በ3.6 ሴኮንድ አካባቢ ማሳለፍ ይገባቸዋል። 4.2 ካወጣችሁ ዱላው ቀዝቅዟል፤ ቪዲዮውን ደግማችሁ ስታዩ ወይ ተቀባዩ በግማሽ ፍጥነት ይነሳል፣ ወይ አቀባዩ ክንዱን ቀድሞ ዘርግቷል።

ስለ ሜዳው ጥቂት ልበል። ብዙው ሜዳችን የእግር ኳስ ሜዳን የሚዞር ስለሆነ 400 አይሞላም። ሙሉ መም ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የኩርባው ራዲየስ 36.50 ሜትር ነው። ዙሩ 300 ከሆነ የመቀባበያ ቦታዎቹ ሌላ ስፍራ ያርፋሉ፤ ኩርባ የሚሮጠውም ልጅ ይለወጣል፤ የሯጮቹን ቅደም ተከተል ሜዳውን ለክታችሁ ወስኑ። ለማስመር ለአሲዳማ እርሻ የሚበተነው የተፈጨ ኖራ ይበቃል፤ ለግድግዳ ቅብ የሚሆነው የተቃጠለው ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ይቅር። ጥቁር መረሬ መሬት ላይ በበጋ ስንጥቅ አለ፤ ከብት የሚያልፍበት ሜዳ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ የሰኮና ጉድጓድ ይቀራል። ጠዋት መስመራችሁን ሙሉውን በእግር ሂዱበት፣ በተለይ ክልሉን፤ በርክክቡ ጊዜ ማንም መሬቱን አያይም። ዝናብ ከጣለ ዱላውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ለመያዝ እንዲረዳ ብሎ እጅ ላይ ነገር መቀባት ወይም ጓንት ማድረግ አይፈቀድም። ነፋስ አቀባዩን ከፊት ከመታው ምልክቱን 1 ወይም 2 ጫማ አቅርቡ። በባዶ እግሩ የተለማመደ ልጅ ደግሞ በውድድር ቀን ስፓይክ (ሶሉ ሹል ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ) አድርጎ ከተነሳ ምልክቱ አይሠራም፤ የመነሻው ፍጥነት ተቀይሯልና።

4 በ400 ሌላ ዓለም ነው። ክልሉ 20 ሜትር ነው፤ ከክልሉ መካከለኛ መስመር 10 ወደ ኋላ፣ 10 ወደ ፊት። አቀባዩ ደክሞ፣ አንዳንዴም እየተንገዳገደ ስለሚመጣ ምልክት አያድነውም። ተቀባዩ ወደ ሜዳው ውስጥ ፊቱን አዙሮ፣ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ጓደኛውን እያየ በእሱ ፍጥነት ልክ ይንቀሳቀሳል፤ ዱላውን ራሱ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እጁ ያዛውራል። ሦስተኛውና አራተኛው ሯጮች ለመቀበል የሚሰለፉት ጓደኞቻቸው 200 ሜትር ሲጨርሱ በነበራቸው ደረጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢቀዳደሙ እንኳ የቆመው ቦታውን አይቀይርም። ሁለተኛው ሯጭ የመጀመሪያውን ኩርባ በራሱ መስመር ይጨርሳል፤ የመልቀቂያውን መስመር (ሯጮች የየራሳቸውን መስመር መተው የሚፈቀድላቸውን ምልክት) ሲያልፍ ወደ ውስጥ በድንገት አይታጠፍ፤ እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ በሰያፍ ይውረድ። ርቀቱም ያጥራል፣ ግፊያም ይቀንሳል።

የደብረ ማርቆስ ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ይበልጣል። በሜክሲኮ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 1968) አሜሪካውያን በ4 በ400 የሮጡት 2:56.16 እ.ኤ.አ. በ1988 እኩል ከመሮጡ በቀር እስከ 1992 ድረስ አልተሻሻለም። ቀጭን አየር የሚሮጠውን ሰው ብዙ አይጋፋውም፤ ለ100ም ለ200ም ይረዳል። ማገገሙ ግን ይዘገያል። ከ1,800 ሜትር፣ ከባሕር ዳር አካባቢ ለመጣ ልጅ የሚከብደው የ400ው ሁለተኛ አጋማሽና በማጣሪያና በፍጻሜ መካከል ያለው እረፍት ነው። የ52 ሴኮንድ ሯጭ የመጀመሪያውን 200 በ25 ሴኮንድ ካለፈ ይበቃዋል። ዱላ ከ10 ሜትር ኋላ ሆኖ የተቀበለ ልጅ ያንን 10 ሜትር በመጀመሪያው ኩርባ ለመዝጋት መሞከር የለበትም፤ በኋላኛው ቀጥታ ላይ ቀስ በቀስ ይዝጋው። በኩርባው የዘጋ ልጅ 300 ላይ ይቆማል፤ ይህን በየውድድሩ ታዩታላችሁ።

ዱላ ቢወድቅ ውድድሩ አላለቀም፤ ይህንን ልጆቹ ቀድመው ይወቁት። ርክክቡ ሳይጠናቀቅ ከወደቀ የሚያነሳው አቀባዩ ነው፤ ተቀባዩ ብቻውን ከያዘው በኋላ ከወደቀ ተቀባዩ ራሱ። ለማንሳት ከመስመር መውጣት ይቻላል፤ ሌላውን ሳያደናቅፉ፣ ዱላው ወደ ፊት ከተንከባለለም መጨረሻ ከእጅ ወደ ለቀቀበት ቦታ ተመልሰው መቀጠል ነው። ዱላውን የሰጠ ሯጭም ወዲያው ወደ ጎን አይውጣ። ፍጥነቱን እየቀነሰ በራሱ መስመር ይቆይ፤ ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ካለፉ በኋላ ብቻ ይውጣ።